ስለ ክብደት መቀነሻ ሻይ



ቀኑን ሙሉ በቢሮ ወንበር ላይ ስንውል ሆዳችን መግፋቱ አልቀረም። «የቻይና ቅጠል ነው፤ ያከሳል» እየተባለ በፓኮ የሚሸጠው ሻይም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እኛ ዘንድ አቦቦ ድረስ ደርሷልና፣ ጥቂት አሳብ እንድሰጥ ይፈቀድልኝ።

በወረዳችን በጽሕፈት ሥራ ላይ ያሉ አንዲት ወይዘሮ ይህንኑ ጧትና ማታ ሲጠጡ አይቼ ብጠይቃቸው፣ «መምህር፣ ቅጠል እኮ ነው! ቅጠል ምን ይጎዳል?» አሉኝ። በሁለት ሳምንት አራት ኪሎ ቀነስሁ ብለው ደስ ሲላቸው ሰነበቱ። በሦስተኛው ሳምንት በቀትር ከቢሮ ሲወጡ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ ጤና ጣቢያ ተወስደው ግሉኮስ ተሰቅሎላቸው ተሻላቸው።

ፓኮውን ባገላብጠው ጽሑፉ ሁሉ ቻይንኛ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪያችን የነበሩት መነኩሲት «ጽሑፉ ያልተነበበ ጠርሙስ አይከፈትም» ይሉን ነበር። በላቲን ፊደል አንዲት ቃል ብቻ አገኘሁ፤ ሴና ትላለች። ይህስ አያቶቻችን ለሆድ ድርቀት የሚያውቁት ሰናመኪ ነው! ሰናመኪ የሚሠራው በትልቁ አንጀት ሲሆን፣ የምግቡ ኃይል ግን አስቀድሞ በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ደም ገብቷል። ስለዚህ ሚዛኑ የሚቀንሰው ውሃና ጨው ስለ ወጣ ነው እንጂ ስቡ ከቦታው አልተነቃነቀም። ላብ ብቻውን ውሃችንን በሚጨርስበት በአቦቦ ቆላ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

የቻይና ባህል ሐኪሞች ውፍረትን ከጣፊያ ድካምና ከውስጥ እርጥበት ጋር ያያይዙታል፤ ቅጠሉንም የሚያዝዙት የበሽተኛውን የእጅ ደም ሥር ዳስሰው፣ ምላሱን አይተው ነው። የትምህርታቸውን ክርክር ለሊቃውንት እተዋለሁ፤ ነገር ግን ባለሱቁ የማንን ደም ሥር ዳሰሰ? በብራስልስ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1990 እስከ 1992 በአንድ የማክሻ ክሊኒክ የቻይና ሥር ስሙ በሚመሳሰል በሌላ ሥር፣ በአሪስቶሎኪያ፣ ተለውጦ ከመቶ በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቷል። ሲቡትራሚን የተባለው የማክሻ ኪኒንም ልብን ስለሚጎዳ በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ከወጣ በኋላ «ቅጠል ብቻ» በተባሉ ሸቀጦች ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል።

የቻይናን ሕክምና ለመንቀፍ አይደለም። በጋምቤላ ወባ ሲጥለን የምንውጠው ኮአርተም በውስጡ ያለው አርቴሜተር ከቻይና ቅጠል የተገኘ ነው፤ ቻይናዊቷ ሊቅ ቱ ዩዩ የጥንት መጽሐፍ መርምረው በ1972 አርቴሚሲኒንን ስላወጡ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ግን ተፈትኖ፣ ተመዝኖ፣ ስንት ፍሬ በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ ተጽፎበት ነው እኛ ዘንድ የደረሰው።

የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በውስጡ ያለው ነገር በአማርኛ ያልተጻፈበት ፓኮ በሱቅ እንዳይሸጥ ቁጥጥሩን ቢያጠብቅልን መልካም ነው። ወይዘሮዋ አሁን ፀሐይ ሳይበረታ እስከ ገበያው በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። የተረፈውን ፓኮ ለእኔ ሰጥተውኛል፤ ከሴና ሌላ ምን እንዳለበት የሚያነብልኝ ሰው እየፈለግሁ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከአቦቦ