ከፊርማ በፊት ምክር፦ የስቶክዌል ትንንሽ ነጋዴዎችና የሱቅ ኪራይ ውል

በለንደን ስቶክዌል ምግብ ቤት፣ የባልትና ሱቅ ወይም ፀጉር ቤት የሚከፍት ስደተኛ ከሚፈርማቸው ሰነዶች ሁሉ ከባዱ የኪራይ ውሉ ነው። ጥሪቱን በወለሉና በምድጃው ላይ ካፈሰሰ በኋላ ቤቱን ልቀቅ ቢባል፣ ያለማውን ነቅሎ፣ ደንበኛውንም አስከትሎ መሄድ አይችልም።

የእንግሊዝና የዌልስ የ1954 (እ.ኤ.አ.) የአከራይና ተከራይ ሕግ ይህን አደጋ አስቀድሞ አይቶታል። በተከራየው ቤት የሚነግድ ሰው የውሉ ዘመን ሲያበቃ እንዲታደስለት የመጠየቅ መብት አለው፤ አከራዩ ሊቃወም የሚችለው ሕጉ በዘረዘራቸው 7 ምክንያቶች ብቻ ነው። ሆኖም ተዋዋዮቹ ይህን መብት በስምምነት ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ ከ2004 ወዲህ ደግሞ ለዚህ የፍርድ ቤት ፈቃድ አያስፈልግም። አከራዩ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይሰጣል፤ ተከራዩ መቀበሉን በፊርማው ያረጋግጣል። ማስጠንቀቂያው ከውሉ 14 ቀን ቀደም ብሎ ካልደረሰው፣ ማረጋገጫው በጠበቃ ፊት በመሐላ ይሰጣል።

በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ እንዲደረግ የታዘዘ ውል በሁለት ምስክሮች ካልተረጋገጠ አይጸናም። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው የመሐላውን ሥርዓት እንደ ጥበቃ ሊቆጥረው ይችላል። መሐላው ግን «አንብቤ ተቀብያለሁ» መባሉን እንጂ ነገሩ መረዳቱን አያረጋግጥም፤ አስማዩ ጠበቃም የመምከር ግዴታ የለበትም።

የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ ራሱ ተከራዩ ባለሙያ ሳያማክር ውል እንዳይገባ ያሳስባል። የምክሩን ዋጋ የሚከፍለው ግን ማን ነው? በ2012 የወጣው የሕግ ድጋፍ አዋጅ ከንግድ ሥራ የሚነሡ ጉዳዮችን ከመንግሥት ድጋፍ ውጭ አድርጓል። ስለዚህ አቅም ያነሰው ተከራይ የአከራዩ ጠበቃ ያረቀቀውን ውል ብቻውን ይጋፈጣል።

የሕግ ኮሚሽኑ በሰኔ 2025 ባወጣው መግለጫ መብቱን በስምምነት የማስቀረቱ አሠራር ሊቀጥል ይገባል የሚል ጊዜያዊ መደምደሚያ ላይ ደርሷል። እንግዲያውስ የሕግ አውጪዎች ትኩረት ስምምነቱ በሚሰጥበት መንገድ ላይ ሊሆን ይገባል። ሦስት እርምጃዎች አስፈላጊ ናቸው፦

1. የ14 ቀኑ ጊዜ የሚያጥረው ገለልተኛ አማካሪ ውጤቱን ለተከራዩ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳቱን በጽሑፍ ካረጋገጠ ብቻ ይሁን።
2. የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በፖርቱጋልኛና በሌሎች የአካባቢው ቋንቋዎች ይዘጋጅ።
3. የላምቤዝ ካውንስል ለትንንሽ ነጋዴዎች ነጻ የውል ምክር በጀት ይመድብ።

አከራዮች ይህ ውሉን ያዘገያል ሊሉ ይችላሉ። ጥቂት ቀን መዘግየት ግን የዓመታት ድካም በማያውቁት አንቀጽ ከማጣት ይሻላል። ሳይረዱት የተተወ መብት በፈቃድ እንደተተወ ሊቆጠር አይገባም።