ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

በኢላት፣ በዳሃብ፣ በሁርጋዳ ወይም በፉጃይራ ዳርቻ ጠዋት ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ይህን ትርኢት ሳያይ አይመለስም። ጀማሪዋ ጠላቂ ዌትሱቷን ለብሳ ትቆማለች። የመጥለቂያ ማዕከሉ ሠራተኛ ከመደርደሪያ ያወረደውን ባክፕሌት ከነሲሊንደሩ ጀርባዋ ላይ ይጭናል። የወገቡን ዘለበት ቀጭ ያደርጋል። ማንገቻው ትከሻዋን ሲቆነጥጣት ፊቷን ታጨማድዳለች። «ጥብቅ ሲል ነው ጥሩ» ይላታል። በዚያው ወደ ውሃ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስምንት ሜትር ላይ ያችው ሴት በእጆቿ ትቀዝፋለች። እግሮቿ ወደ ታች ይዘቀዝቃሉ፤ ሲሊንደሩ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይንከባለልባታል፤ አየሯንም ከሁሉም ቀድማ ትጨርሳለች። ሲወጡ ፍርዱ ዝግጁ ነው፦ «ገና ነሽ፣ ሚዛንሽን መጠበቅ አልቻልሽም፣ ተለማመጂ።»

ይህ ምርመራ ያልተደረገበት ፍርድ ነው። የተከሰሰችው ሴትዮዋ ናት፤ መጠየቅ የነበረበት ግን ማንገቻው ነው። ልኳን ማን ለካ? ማንም። ከእሷ በፊት የለበሰው ምናልባት አንድ ሜትር ከዘጠና የሚሆን ወንድ ነበር፤ ማንገቻውም እሱ በተወበት ርዝመት ነው የተሰጣት።

ባክፕሌት ማለት ከማይዝግ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ጀርባ ላይ የሚያርፍ ዝርግ ሰሌዳ ነው። ሲሊንደሩና ክንፍ የሚባለው የአየር ከረጢት ከኋላው ይታሰራሉ። ከሰውነት ጋር የሚያያይዘው ሃርነስ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ወጥ የናይለን ማንገቻ ነው፤ ከአንዱ ወገብ ተነስቶ በትከሻ ዞሮ በሌላው ትከሻ ተመልሶ ወገብ ላይ በአንድ ዘለበት ይዘጋል። በእግር መሃል የሚያልፍ የብሽሽት ማሰሪያ ይጨመርበታል፤ ዕቃ ማንጠልጠያ የሚሆኑ ጥቂት ቀለበቶችም አሉት። አለቀ። ይህን ያዳበሩት በሰሜን ፍሎሪዳ በውሃ በተሞሉ ዋሻዎች የሚጠልቁ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ትርፍ ነገር ሁሉ ይወገድ ባዩ ዊልያም ሆጋርት ሜይን፣ ስሙ ለአለባበሱ መጠሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ «ሆጋርቲያን» ይባላል።

ቀላልነቱ ውበቱ ነው፤ ጣጣውም እዚያው ነው። የተለመደው ጃኬት ልክ ባይሆን እንኳ ትከሻው ላይ ጎተት የሚደረግ ማጥበቂያ ስላለው እንደ ነገሩ ይቻቻላል። አንድ ወጥ ሃርነስ ማጥበቂያ የለውም። እንደ ሱፍ ልብስ ነው፦ ተለክቶ ካልተሠራ ይገፋል ወይ ያንቃል። ልክ የማይወስድ ልብስ ሰፊ ሱቁን ቢዘጋ ይሻለዋል፤ የመጥለቂያ ዕቃ አከራይ ግን ሳይለካ አልብሶ ገንዘብ ይቀበላል።

እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች ይነሳሉ፤ ሁለቱም ጀማሪውን ይበድላሉ።

የመጀመሪያው ወገን «ይህ ለጀማሪ አይሆንም፣ የባለሙያ ዕቃ ነው» ይላል። ለምን? ጃኬት ሲነፋ አየሩ ደረትና ጎንን ይጨምቃል፤ ክንፍ ከጀርባ ስለሚነፋ ደረትን ይተዋል። የብረቱ ሰሌዳ ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ይመዝናል፤ ይህም ክብደት ከወገብ ቀበቶ ላይ ተቀንሶ ወደ ሳንባ አካባቢ ይመጣል ማለት ነው። ቀይ ባሕር ጨዋማ ነው፤ በሺህ ወደ 40 እጅ ይደርሳል፤ የውቅያኖስ አማካይ ግን 35 ገደማ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚጠልቅ ሰው ተጨማሪ እርሳስ ይታጠቃል። ያ እርሳስ ሁሉ ዳሌ ላይ ሲከማች እግርን ወደ ታች ይጎትታል። ታዲያ ክብደቱን ወደ ላይ የሚያካፍል ዕቃ የሚያስፈልገው ገና ሚዛን ለሚማር ሰው አይደለም እንዴ? አንድ እውነት አላቸው፦ ክንፉ ውሃ ላይ ከመጠን በላይ ከተነፋ ፊትን ወደ ውሃ ይገፋል። መድኃኒቱ በልክ መንፋትና ትንሽ ወደ ኋላ መደገፍ ነው፤ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሃይማኖተኛው ነው። ማንገቻው አንድ ወጥ ካልሆነ፣ ትከሻ ላይ ዘለበት ከታየ ውግዘት ያወርዳል። ደንቡ በጨለማ ዋሻ ውስጥ፣ ሁለት ሲሊንደር ለተሸከመ ሰው፣ የሚሰበር ፕላስቲክ እንዳይኖር ታስቦ የወጣ ነው። እሱ ግን አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ዓሣ ለማየት ለወረዱ የሃምሳ ዓመት ሴትዮ ያውጀዋል። ትከሻቸውን የሚያማቸው ሰው በትከሻ ዘለበት ቢያወልቁ ምን ይጎድላል? ምንም።

ወደ ልኬቱ ይመጣ። በጣም የተስፋፋው ስህተት ትከሻን ማጥበቅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው የሚለካው መሬት ላይ ቆሞ ነው፤ መሬት ላይ ጭነቱ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ እንዳይወድቅ ይጠበቃል። ውሃ ውስጥ ግን ሰው በደረቱ ይጋደማል። ሰሌዳው በራሱ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ትከሻ የሚሸከመው ነገር የለም። እንዳይንከባለል የሚይዘው የወገብ ቀበቶ ነው፤ ወደ ራስ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው የብሽሽት ማሰሪያ ነው። ልጅ በአንቀልባ ያዘለች እናት ይህን ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች፦ ጎንበስ ትላለች፣ ልጁን ወደ ላይ ነቅነቅ አድርጋ ታስተካክላለች፣ ከዚያ ወገቧ ላይ ታጠብቃለች። አንገቷን አንቃ ልጅ የምታዝል እናት ታይታ አትታወቅም።

ስለዚህ መለካት ያለበት የሚጠለቅበትን ልብስ ለብሶ፣ መጀመሪያ ያለ ሲሊንደር ነው። የሰሌዳው የላይኛው ጫፍ ማጅራት ሥር አካባቢ ይደርሳል፤ ለባሹ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ በጣቶቹ ሊነካው ይገባል። በጣም ከወረደ የሲሊንደሩ መክፈቻ አይደረስበትም። በጣም ከወጣ ደግሞ ቀና ባለ ቁጥር ራሱ ከሬጉሌተሩ ጋር ይጋጫል፤ ብዙ ጀማሪዎች አንገታቸውን ቀብረው የሚዋኙት አንዳንዴ ዓይን አፋር ሆነው ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። ከደረት ላይ ባለው ማንገቻ ሥር ዝርግ እጅ ያለ ትግል መግባት አለበት። ፈተናው ደግሞ ይህ ነው፦ ለባሹ ክርኑን አጥፎ በማንገቻው ሥር ራሱ ማውጣት ካልቻለ ጠብቋል። ውሃ ላይ ቢደክመው ወይም ቢታመም ማን ያወልቅለታል? የብሽሽት ማሰሪያው ሰሌዳው ከኋላ ወደ ላይ ሲገፋ እንዳይንሸራተት ይያዝ እንጂ ቆሞ ሲራመድ የሚቆርጥ አይሁን። የትከሻ ቀለበቶች በብብት ከፍታ አካባቢ፣ የዚያው ጎን አውራ ጣት በቀላሉ በሚያገኛቸው ቦታ ይቀመጣሉ።

ትርፉን ማንገቻ በመጀመሪያው ቀን መቁረጥ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። አዲስ ናይለን ደረቅ ነው፤ ከጥቂት ጥልቀቶች በኋላ ይለዝባል፣ ቦታውን ይይዛል። ያኔ ተለክቶ ይቆረጣል፤ ጫፉም እንዳይተረተር በእሳት ይለበለባል። የኢላት ውሃ በክረምት ወደ 21 ዲግሪ ይወርዳል፣ በበጋ ወደ 27 ይወጣል። በወፍራም ልብስ የተለካ ሃርነስ በስስ ልብስ ይሰፋል። ይኸው ወፍራም ልብስ ራሱ አሥር ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ይሳሳል፤ ላይ የጠበቀው ቀበቶ ታች ይላላል። ጀማሪ ታች ሲደርስ ቀበቶውን አንዴ እንዲያጠብቅ የሚነግረው ሰው ስንት ነው?

በዚህ ላይ የሴቶች ጉዳይ አለ። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ረጅም ጀርባ ላለው ሰው የሚሆን ነው። አጭር ሴት ስትለብሰው ታችኛው ጫፍ ዳሌዋን ይወጋል፤ ቀበቶውም ከወገቧ በታች ይወርዳል። አጫጭር ሰሌዳዎች አሉ፤ ይሸጣሉ። አከራዮች ግን አንድ ልክ ገዝተው መደርደር ይቀላቸዋል። ከዚያ «ሴቶች ሃርነስ አይወዱም» ይላሉ። በአባቱ ጫማ የተላከ ልጅ «መራመድ አይወድም» እንደማለት ነው።

የአማርኛ ተናጋሪው ጀማሪ ደግሞ የራሱ ሸክም አለው፤ ይሉኝታ። በኢላት ወይም በኤምሬቶች እየሠራ በሠላሳ ዓመቱ ዋና የተማረ የደጋ ልጅ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ አሠልጣኙ ፊት «ይህ ነገር አንቆኛል» ለማለት ያፍራል። ሌሎቹ ምንም አላሉማ! ዝም ብሎ ይገባል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ዕቃውን በየቀኑ የሚያየው ሠራተኛ እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካው ሰው ልኬት እንዲያውቅ አይጠበቅም።

አከራዮች መልስ አላቸው፦ «የኪራይ ዕቃ ለእያንዳንዱ ሰው እየፈቱ ማስተካከል አይቻልም፤ ጀልባው ይሄዳል።» ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ እውነት ነው። ታዲያ ጊዜ ከሌለ አንድ ወጥ ሃርነስ አይከራይ። ማጥበቂያ ያለው ሃርነስ አለ፤ ጃኬትም አለ። የማያስተካክሉትን ዕቃ ማከራየት ግን፣ መጫኛውን ሳያይ አህያ የሚነዳ ሰው ሥራ ነው፤ መንገድ ላይ ጭነቱ ሲዞር አህያዋን ይደበድባል። ሻጮችም ከዚህ አይድኑም፤ ሰሌዳና የተጠቀለለ ማንገቻ በካርቶን አስገብተው ያስረክባሉ፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ በየትኛው ቀዳዳ በኩል እንደሚገባ ሲፈታና ሲያስር ያመሻል።

ተቃዋሚዎች የሚያነሱት አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ራሱን የሳተ ጠላቂ ውሃ ላይ ቢገኝ የትከሻ ዘለበት ከሌለው ሃርነስ እንዴት ይወጣል? የወገቡ ዘለበት ይፈታል፣ የብሽሽቱ ማሰሪያ ከእሱ ጋር ይለቃል፣ ልክ የሆነ ማንገቻ በትከሻ ተንሸራቶ ይወልቃል። የጠበቀ ከሆነ መቁረጥ ብቻ ነው የሚቀረው። ለዚህም መቁረጫ በሁለቱም እጅ በሚደረስበት ቦታ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት በወገቡ ቀበቶ ላይ፣ መኖር አለበት፤ አብሮ የሚጠልቀውም ሰው የት እንዳለ ማወቅ አለበት። በኪራይ ሃርነስ ላይ ይህ መቁረጫ መኖሩን ጀማሪው ሊያይ ይገባል።

ከመክፈሉ በፊት ደግሞ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህን ማን ይለካልኛል? ጥልቀት በሌለው ውሃ ሞክሬ እንደገና ለማስተካከል ስንት ደቂቃ አለኝ? መልሱ ትከሻ መስበቅ ከሆነ ጃኬቱን ይውሰድ፤ ጃኬቱም ልኩ ካልሆነ ገንዘቡን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ማዕከል ይሂድ።