ሣጥኑን ሳይሆን ስልኩን እንግዛ



የዚህ እትም ዐቢይ ርዕስ አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ስማርት ስልኮች ናቸው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የብዙዎቻችን የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚገቡ የብዙ ዕቃዎች ዋጋ ንሯል። ደመወዙን አጠራቅሞ ስልክ የሚገዛ ሰው ተሳስቶ የሚገዛበት አቅም የለውም።

ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ግን ሁሉን አይናገርም። «8+8 ጊጋ ራም» ሲባል ሁለተኛው 8 ከማከማቻው የተወሰደ ነው፤ ፍጥነቱም ከእውነተኛው ራም በእጅጉ ያንሳል። ባለ 50 ሜጋፒክስል ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ አራት አራት ነጥቦችን አጣምሮ የ12.5 ሜጋፒክስል ፎቶ ይሰጣል። 90 ኸርዝ የተባለለት ስክሪንም ጥራቱ ከ720 ፒክስል ላያልፍ ይችላል።

ስለዚህ የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስ፣ የአይቴልና የሳምሰንግ ኤ ተከታታይ ስልኮችን በፍጥነት፣ በስክሪን፣ በካሜራና በዋጋ አነጻጽረናል። መርካቶም ሆነ ቦሌ ሻጩ ፊት ስትቆሙ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። አስመጪዎችና ሻጮችም እውነተኛውን መረጃ ሳይሸፋፍኑ እንዲሰጡ በአክብሮት እንጠይቃለን፤ የሚከፍል ሰው የሚገዛውን የማወቅ መብት አለው።



አዘጋጁ