ጎርፉ ውስጥ ያለ ሰው «ዳነ» አይባልም

ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ «ፈውስ» የሚለው ቃል ከጸበል ቦታ ወጥቶ የሆቴል አዳራሽ ገብቷል። «ሀገራዊ ፈውስ»፣ «የቁስል ፈውስ»፣ ሲብስም እንዳለ «ሂሊንግ»። ባነር ይሰቀላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ አበል ይፈረማል፣ ፎቶ ተነስቶ ይበተናል።

ቃሉን የሚደጋግሙት ሰዎች ከየት እንደመጣ ቢጠይቁ ግን ይደነግጡ ነበር። የእንግሊዝኛው ሂሊንግ «ሙሉ» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ የጎደለውን መሙላት። ግዕዝ «ሐይወ» ሲል መኖርም ከሕመም መነሳትም ነው፤ «ሕይወት» ከዚያው ይወጣል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ሰው በየቀኑ የሚናገረው «ዳነ» ነው። ከወባ የተነሳም ዳነ፣ ከጎርፍ የወጣም ዳነ፣ ከጥይት የተረፈም ዳነ። የግዕዙ «ድኅነ» ማምለጥ፣ ከአደጋ መትረፍ ነው። መድኃኒትም፣ መድኅንም፣ የኢንሹራንሱ መድንም የዚሁ ቃል ልጆች ናቸው። (በስልክ ሲጻፍ «ኀ» እየቀረች «ድኅነት» ከ«ድህነት» ጋር አንድ ሆኗል፤ ሕዝቡ የደረሰው የትኛው እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።)

ስለዚህ አማርኛ ቅደም ተከተሉን ጨርሶታል። ጎርፉ ውስጥ ያለን ሰው ማንም «ዳነ» አይለውም። ሽሬ መጠለያ ውስጥ ዓመታት የቆጠረች እናት ገና አልወጣችም። ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ የገባችውም እንዲሁ። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ተኩስ የሚሰማ ገበሬስ ከምን ሊፈወስ ነው? ከነገው?

«ታዲያ ሁሉም ነገር እስኪስተካከል ስለ ፈውስ አይወራ?» የሚሉ አሉ። ይወራ። ግን «ፈወሰ» አድራጊ የሚፈልግ ግስ ነው፤ ፈዋሹ ማን ነው? ዛሬ ያቆሰለው እጅ ራሱ ነጭ ጋወን ለብሶ ቁስለኛውን «እርሳው» ይላል። ቁስል ከላይ ሲደርቅ ጠገገ እንጂ ዳነ እንዳልሆነ የገጠር እናት ሁሉ ታውቃለች፤ ከሥሩ መግል ከያዘ ያመረቅዛል። ልታጥበው ስትነካው ልጁ ይጮኻል፣ እሷም አትተወውም።

ማጠቢያው ደግሞ ተጽፎ ተቀምጧል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ክስን፣ እውነትን ማውጣትን፣ ዕርቅን፣ ለተጎጂ ማካካሻን ይዘረዝራል። ከዚህ ሁሉ አዳራሹ አንስቶ የሚያቅፈው ዕርቅን ብቻ ነው፤ እርካሿ እሷ ናትና። ተከሳሽ የለባት፣ ገንዘብ አታስወጣ። ማን ገደለ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ «ቁስል አትቆስቁሱ» ይባላል፤ ያልታጠበ ቁስል ሲነካ ማሳመሙ የጠያቂው ጥፋት ሆኖ።

ቀጣዩ የፈውስ ዐውደ ጥናት ሽሬ መጠለያው ግቢ ውስጥ ይደረግ፤ አበሉም ተፈናቃዮቹ ቤታቸው በገቡ ማግስት ይከፈል።