የሕፃናት ኩላሊት በማሽን ብቻ አይድንም

ስለ ኩላሊት ሕመም በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ እጥበት ማሽንና ስለ ንቅለ ተከላ ነው። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ መጀመሩ ትልቅ እርምጃ እንደነበር አይካድም። የሕፃናት ጉዳይ ግን ለየት ይላል። የብዙ ሕፃናት ኩላሊት የሚጎዳው በዓመታት ሳይሆን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ፣ በከባድ ኢንፌክሽን ሳቢያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሳንባ ምች ወይም ማጅራት ገትር ያመጣው ባክቴሪያ ደም ውስጥ ሲሰራጭ የሕፃኑ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ሽንትም ይቀንሳል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከሚያስከትሉት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ደግሞ የኩላሊትን ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። ደግነቱ፣ በጊዜ ከተደረሰበት ኩላሊቱ ብዙውን ጊዜ ያገግማል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ማሽን አለ ወይ?» ሳይሆን «ሕፃኑ የት ዘገየ?» የሚለው ነው። ባህር ዳር ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ የምትኖር እናት በባጃጅ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ትደርሳለች። ከደቅ ደሴት የምትነሳዋ ግን ጣናን በጀልባ ማቋረጥ አለባት። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚባክነው ሰዓት የሕፃናት ዕድሜ ነው።

መንግሥት በዚህ ረገድ ምንም አልሠራም ማለት አይቻልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን በጤና ኬላ እንዲያክሙ በ2002 ዓ.ም. ተፈቅዷል። የኒሞኮካል ክትባትም በ2004 ዓ.ም. ተጀምሯል። ነገር ግን መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ሲጠፋ ፈቃዱ ብቻውን አያድንም።

ቀሪው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንደኛ፣ በጠና የታመመ ሕፃን ለመጨረሻ ጊዜ የሸናው መቼ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ይመዝገብም። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በ6 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ከሸና አደጋ አለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ጄንታማይሲን ሕይወት አዳኝ ቢሆንም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በክብደት ተለክቶ፣ በክትትል ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ማሽንም ሆነ መብራት የማይፈልገው፣ በሆድ በኩል የሚደረገው እጥበት በሪፈራል ሆስፒታሎች ለሕፃናት ይዘጋጅ።

ማሽን መመረቅ ለቴሌቪዥን ያምራል። ጤና ኬላ ውስጥ መድኃኒት ሳይቋረጥ መገኘቱን ግን ማንም ሪባን አይቆርጥለትም። የብዙ ሕፃናት ኩላሊት የሚተርፈው ግን እዚያው ነው።