የእናት አጥንት፦ የሚጎድለውን ብቻ ሳይሆን የሚመለሰውን መለካት

እርግዝናና ጡት ማጥባት የእናትን አጥንት እንደሚያሳሱ በሰፊው ይታመናል። እምነቱ ግማሽ እውነት ነው። አጥንት በእርግጥ ማዕድን ያጣል፤ ዳሩ ግን ያጣውን አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ያገኛል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ እናት ምን ያህል ታጣለች የሚለው ሳይሆን፣ ያጣችውን ለመተካት የሚበቃ ጊዜና ምግብ አላት ወይ የሚለው ነው። በጣና ዙሪያ የሚታቀዱ ጥናቶችም ከዚህ ጥያቄ ቢነሡ ይበጃል።

ቀኑ ደርሶ የተወለደ ሕፃን አጽም 30 ግራም ገደማ ካልሲየም ይይዛል፤ አብዛኛው የሚከማቸው በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ነው። የእናቲቱ አንጀት ከምግብ የሚወስደውን ካልሲየም በእጥፍ ገደማ በማሳደግ ይህን ፍላጎት በአመዛኙ ይሸፍናል። በማጥባት ወቅት ግን ስልቱ ይለወጣል። የኤስትሮጅን መጠን ይወርዳል፤ ጡት የሚያመነጨው ፓራታይሮይድ ሆርሞን መሰል ፕሮቲንም አጥንት ካልሲየም እንዲለቅ ያደርጋል። በዚህ የተነሣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የአከርካሪ አጥንት የማዕድን ጥግግት ከ3 እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። የወር አበባ ሲመለስና የማጥባቱ ድግግሞሽ ሲቀንስ ሂደቱ ይገለበጣል፤ ሕፃኑ ጡት ከጣለ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 12 ወራት ጥግግቱ በአብዛኞቹ እናቶች ወደ ነበረበት ይመለሳል። ብዙ መውለድ በኋለኛው ዕድሜ የአጥንት ስብራትን እንደማይጨምርም አብዛኞቹ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ይህ እውነታ በጥናት ንድፍ ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። እናቶችን አንድ ጊዜ ብቻ የሚለካ ጥናት፣ በአራተኛው ወር ላይ ያለችን ጤነኛ አጥቢ እናት አጥንቷ እንደሳሳ ሕመምተኛ ሊቆጥራት ይችላል። ከእንዲህ ያለ ቁጥር የሚነሣ ምክርም አብሮ ይሳሳታል።

ለምሳሌ የጣና ትልቋን ደሴት ደቅን መውሰድ ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወራት እንዲቆይ ይመክራል። አንዲት እናት ሁለት ዓመት አጥብታ ወዲያው ብታረግዝ ምክሩን አክብራለች፤ ጡት ካስጣለች በኋላ ግን ለአጥንቷ የተረፈ ጊዜ የለም። ማገገሙ በማጥባቱ ጊዜ መጀመሩ እርግጥ ቢሆንም መጠናቀቁ በግምት የሚታለፍ አይደለም። ጤፍ በካልሲየም የበለጸገ ነው፤ ሆኖም በውስጡ ያለው ፋይቴት ካልሲየሙን ይይዘዋል፤ ሊጡ መቡካቱ ይህን በከፊል ያቃልላል። ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ማቅለያ እያላቸው የሚጾሙ ብዙዎች በመሆናቸው ደግሞ ወተት ከገበታቸው ለረጅም ጊዜ ይርቃል።

መፍትሔው የካልሲየም እንክብል ማደል ነው የሚል ወገን ይኖራል። ካልሲየም ዝቅተኛ በሆነበት ማኅበረሰብ ለነፍሰ ጡሮች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም መስጠት የሚመከረው ግን በእርግዝና የሚከሰተውን የደም ግፊት ሕመም ለመከላከል ነው፤ ለዚያ ዓላማ ሊጠበቅ ይገባዋል። ለአጥንት ያለው ጥቅም ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመው የጋምቢያ ጥናት፣ በእርግዝና ወቅት በቀን 1,500 ሚሊግራም የወሰዱ እናቶች በማጥባት ጊዜ የዳሌ አጥንታቸው ማዕድን ካልወሰዱት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ሰውነት የለመደውን ቁጠባ እንክብሉ ሳያናጋው አልቀረም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው እናቶችን ከእርግዝና ጀምሮ ጡት ካስጣሉ በኋላ እስከ አንድ ዓመት የሚከታተል፣ የአጥንት ጥግግትን ከጾም፣ ከወር አበባ መመለስና ከቀጣዩ እርግዝና ጋር አዛምዶ የሚመዘግብ ጥናት ነው። እናቶቹን ከደሴቷ ወደ ባሕር ዳር በጀልባ ማመላለስ ወጪ አለው፤ ዘመኑም ከሁለተኛ ዲግሪ ቆይታ ይረዝማል። ይህ ግን ጥናቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም። አንዱ ተማሪ የመዘገባቸውን እናቶች ቀጣዩ ተረክቦ ቢከታተላቸው፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ ከሚጀመሩና እናቲቱን በጎደለባት ሰዓት ብቻ ከሚያገኟት ብዙ ጥናቶች ይልቅ አንዱ የተሻለ መልስ ይሰጣል።