«አሮጌ ነውን?» ስለ ማለት



ስለ ዮሩባ የእንጨት ቅርጽ ጥቂት ቃል በአንባብያን ዓምድ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የተነሣው ከራሴ ስሕተት ነው።

ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ናይጄሪያ ተልኬ ሳለሁ፣ በሌጎስ ገበያ አንድ ወጣት ጠራቢ የመንትያ ልጆች ምስል አሳየኝ። እንጨቱ ገና አልጠቆረም። «አሮጌ ነውን?» ብዬ ጠየቅሁት። «አይደለም፤ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያስተማረኝም አጎቴ ነው» ሲል መለሰልኝ። እኔ ግን ትቼው ሄድሁና ከሌላ ሱቅ «መቶ ዓመት ያለፈው» የተባለ ጥቁር ምስል በእጥፍ ዋጋ ገዛሁ። ቤቴ ገብቼ በእርጥብ ጨርቅ ብወለውለው ጥቁረቱ በጨርቁ ላይ ቀረ። ባለቤቴም «ዕድሜውን እኮ አጠብኸው!» ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን መመርመር ጀመርሁ። በዮሩባ ዘንድ መንትያ በብዛት ይወለዳል። ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ምስል ይቀረጽለትና እናቱ ታጥበው፣ ታለብሰው፣ ምግብም ታቀርብለት ነበር። የምስሉ ራስ ከአካሉ ይልቅ ትልቅ የሚሆነው ባለማወቅ አይደለም፤ የሰው ዕድል ማደሪያው ራስ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። ጠራቢው አስቀድሞ ግንዱን በመጥረቢያ ያወጣል፤ ቀጥሎ አካላቱን ይለያል፤ ከዚያ በመሮና በቢላዋ ያለሰልሳል፤ በመጨረሻም ጠጕሩንና ጌጡን ይጭራል። ይህን ሁሉ ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ በዓመታት ይማረዋል።

እንግዲህ ባህሉ ያለው በእንጨቱ እርጅና ሳይሆን በዚህ ትምህርት ነው። ለዚህም ላሚዲ ፋኬዬ ምስክር ናቸው። በኢላ ኦራንጉን ከጠራቢዎች ቤተሰብ ተወልደው የአባታቸውን ሙያ ይዘው ሳለ፣ የካቶሊክ ካህናት በኦዬ ኤኪቲ በከፈቱት የሥራ ቦታ ከጆርጅ ባንዴሌ ዘንድ እንደ ገና ተማሪ ሆኑ። ባንዴሌም የስመ ጥሩው ጠራቢ የአሬኦጉን ልጅ ነበሩ። በዚያ ቦታ የወንጌል ታሪክ በዮሩባ አለባበስ ይቀረጽ ነበር። ላሚዲ ሙስሊም ሲሆኑ ለቤተ ክርስቲያንም ቀርጸዋል። ኋላም በኢፌ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዐረፉ።

ደግሞስ የኢሴው ኦሎዌ ለኢኬሬ ቤተ መንግሥት የቀረጹት በር በ1924 ለንደን ላይ ለትርኢት ሲቀርብ፣ ከተሠራ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም። የብሪታንያ ቤተ መዘክር ግን እጅግ ስለ ወደደው በእንግሊዝ አገር የተሠራ ዙፋን ለንጉሡ ሰጥቶ በሩን አስቀረ። አዲስነቱ ምን ጎዳው?

ስለዚህ ወደዚያ አገር የምትላኩ ባልደረቦቼ ሆይ፣ «አሮጌ ነውን?» ከማለት ይልቅ «ማን ሠራው? ከማንስ ተማረ?» ብላችሁ ጠይቁ። አሮጌ ካልሆነ አንገዛም ስንል፣ ወጣቱን ወይ በሥራው ላይ ውሸት እንዲቀባ፣ ወይ መሮውን እንዲጥል እናስገድደዋለን። እውነቱን የነገረኝን ያን ልጅ እኔ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ